ውሉን ማን ፈረመው? የወጣና የቀረ ሰው ነገር



በአገራችን ልማድ ውል ያለ እማኝና ያለ ዋስ ውል አይባልም። መሬት የሚያከራይም፣ በሬ የሚሸጥም፣ ገንዘብ የሚያበድርም ሽማግሌ አስቀምጦ፣ ዋስ ጠርቶ ነው። የፖለቲካ ፍልስፍና ደግሞ ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ስለ አንድ ትልቅ ውል ሲያስተምር ኖሯል። ሰዎች ከነጻነታቸው ከፊሉን ሰጥተው ጥበቃና ፍትሕ ለማግኘት እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ፣ መንግሥት የተባለውም ከዚያ ውል ተወለደ ይላል። ለመሆኑ ይህ ውል መቼ ተጻፈ? ማን ፈረመው? እማኙስ ማን ነበር? በውጭ ለምንኖረው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመርልናል። ከተዋዋዮቹ አንዱ ጓዙን ጠቅልሎ አገር ለቆ ከወጣ በውሉ ላይ የመናገር መብቱ አብሮት ይወጣል ወይስ እዚያው ይቀራል?

ነገሩ የመጻሕፍት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ የድልድይ ስሌት ስሠራ ውዬ ማታ ቁጭ ብዬ ባልጻፍኩት። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን መጀመሪያ 3 ዓመት ተሰጠው፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ 1 ዓመት ተጨመረለት። በውጭ ካለነውም አጀንዳ ሰብስቧል። በዚያ ሰሞን በየአዳራሹና ከቅዳሴ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የሰማሁት ክርክር ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው «አገሩን ጥሎ የሄደ ምን አገባው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በእኛ ዶላር እየተነፈሱ እንዴት ዝም በሉ ይሉናል?» ይላል። ሁለቱም ከክርክር ይልቅ ለስድብ የቀረቡ ናቸው። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ሥር የቆየ ሐሳብ አለ። እስቲ ያንን እንይ። (ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን የምጠቅሳቸው በራሳችን ናቸው።)

የመጀመሪያው ሐሳብ ሥሩ አቴና ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ሶቅራጥስ ሞት ተፈርዶበት እስር ቤት ሳለ ወዳጁ ክሪቶ ሊያስመልጠው መጣ። ገንዘቡም መንገዱም ተዘጋጅቷል። ሶቅራጥስ ግን እንቢ አለ። አፍላጦን እንደጻፈው የአቴና ሕጎች እንደ ሰው ሆነው ቢናገሩት ምን እንደሚሉት ለክሪቶ አስረዳው። ሕጎቹ ያሳደግንህ እኛ ነን፤ ካልወደድከን ንብረትህን ይዘህ ወደፈለግህበት መሄድ ትችል ነበር፤ በሩን አልዘጋንብህም፤ አንተ ግን ከዘመቻ በቀር ከከተማዋ እንኳ አልራቅህም፤ እንግዲህ ተስማምተሃል ይላሉ። መቅረት መስማማት ነው ማለት ነው። ይህን ገልብጣችሁ አንብቡት። የቀረ ከተስማማ፣ የወጣ ውሉን አፍርሷል። «ጥሎ የሄደ ምን አገባው» የሚለው ወንድማችን ሳያውቀው የሶቅራጥስን ሕጎች እየደገመ ነው።

ጆን ሎክ በ1689 ባሳተመው ሁለት ድርሳናት በሚባለው መጽሐፉ ሐሳቡን አስፍቶታል። በግልጽ ያልፈረመም ቢሆን በአንድ መንግሥት ግዛት መሬት የያዘ፣ ለሳምንት ያደረ፣ በአውራ ጎዳናው በነጻነት የተጓዘ እንኳ በዝምታ ፈቃዱን ሰጥቷል ይላል። እኔ የመንገድ ሰው ስለሆንኩ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። በሎክ ሒሳብ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ ለመንግሥት ፈርሟል ማለት ነው፤ አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ ላይ ቢበላሽበትም!

ለሎክ የሚገባውን መልስ የሰጠው ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ነው። በ1748 ስለ መጀመሪያው ውል በጻፈው አጭር መጣጥፍ የጠየቀው ጥያቄ ዛሬም ትኩስ ነው። የባዕድ ቋንቋ የማያውቅ፣ የባዕድ ወግ የማያውቅ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ድሀ ገበሬ ወይም የእጅ ሙያተኛ አገሩን ለቆ የመሄድ ነጻ ምርጫ አለው ትላላችሁ? ይህ ማለት ተኝቶ ሳለ ተሸክመው መርከብ ላይ የጫኑትን ሰው፣ ከመርከቡ ስላልወረድክ ለካፒቴኑ ሥልጣን ተስማምተሃል እንደማለት ነው። መውረድ ቢፈልግ ያለው ምርጫ ባሕር ውስጥ መግባት ብቻ ነው።

ይህን ምሳሌ እንደ ምሳሌ ብቻ ለማንበብ እኛ አንችልም። በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር። ያጣ በእግሩ ወደ ሱዳን ሄደ፣ በመንገድም የቀረው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣትና የመመለስ መብት እንዳለው ደንግጓል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ላይ የሰጠሙት ልጆች ግን የሂዩምን መርከብ በአካል ያዩት ናቸው። እንግዲህ «ያልወጣ ተስማምቷል» የሚለው ክርክር በእኛ አገር ገና ሲነሳ ይወድቃል። ያልወጣው አብዛኛው ሕዝብ ያልወጣው መውጫ ስለሌለው ነው። አያቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉም የውል ስምምነት መስጠታቸው አልነበረም፤ አቅማቸውን መለካታቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ስለ ውሉ የጻፉት ታላላቅ ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸው ስደተኞች ነበሩ። ቶማስ ሆብስ በ1640 ከእንግሊዝ ወደ ፓሪስ ሸሽቶ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሯል፤ በ1651 የታተመውን ሌቪያታንን የጻፈው እዚያው ነው። ሎክ በ1683 ሆላንድ ገብቶ የተመለሰው በ1689 ነው፤ መጽሐፉንም ስሙን ሳይጽፍ ነው ያሳተመው። ሩሶ የማኅበራዊ ውልን ባሳተመበት በ1762 የእስር ትእዛዝ ወጥቶበት ከፈረንሳይ ሸሸ፤ የትውልድ ከተማው ጄኔቭም መጽሐፉን አቃጠለች። የእኛው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ውጭ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነበር። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። በልጅነቱ ከአገር የወጣው ምጽዋ ላይ በቆመ የጀርመን መርከብ ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ ይነገራል። ከወጡ በኋላ ስለ አገር መናገር ከተከለከለ እንግዲህ የእነዚህን ሁሉ መጻሕፍት መዝጋት ነው።

ወደ ሁለተኛው ክርክር ልምጣ፤ ወደ ዶላሩ። ይህንን ከማንም በተሻለ የሚያስረዳን በ1933 ከበርሊን የሸሸው አልበርት ሂርሽማን ነው። በ1940 ማርሴይ ላይ ሌሎች ስደተኞችን ከናዚ እጅ ለማስወጣት ሲረዳ ቆይቶ በመጨረሻ አሜሪካ ገባ፣ የኢኮኖሚ ሊቅም ሆነ። በ1970 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ አንድ ድርጅት ወይም አንድ አገር ሲበላሽ ሰው ያለው መንገድ ሁለት ነው ይላል፤ መውጣት ወይም ድምፅ ማሰማት። ታማኝነት የሚባለው ደግሞ ለመውጣት የተነሳውን ሰው ትንሽ አቆይቶ እንዲናገር የሚያደርገው ኃይል ነው።

ሐሳቡ የተወለደው ከባቡር ነው። ሂርሽማን ናይጄሪያ ውስጥ የገረመው ነገር ነበር። የጭነት መኪኖች የባቡሩን ደንበኞች እየወሰዱ የባቡሩ አገልግሎት ለምን አልተሻሻለም? ውድድር ያሻሽላል ሲባል አልነበረም? መልሱን እንዲህ አገኘው። አገልግሎቱ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሄዱት ጥራት የሚፈልጉት፣ ጉዳያቸው የሚቸኩለው፣ ቢቀሩ ኖሮ በር የሚያንኳኩትና የሚጮኹት ደንበኞች ናቸው። መንግሥት ኪሣራውን ስለሚሸፍን የባቡሩ ሹማምንት የገቢው መቀነስ አላሳሰባቸውም። የሚጮኸው ሰው ሄዶላቸው ያረፉት እነርሱ ናቸው።

አሁን ባቡሩን አውጥታችሁ አገራችንን አስገቡ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ የወጣው ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስ፣ ጋዜጠኛ ስንት ነው? ከእነዚህ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ቀበሌውን፣ ሆስፒታሉን፣ ዩኒቨርሲቲውን በጥያቄ የሚያስጨንቀው ስንቱ ነበር? ከዚያ በላይ ደግሞ የምንልከው ገንዘብ አለ። ለእናቴ መድኃኒት፣ ለእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለአጎቴ የቤት ኪራይ እልካለሁ፣ ወደፊትም እልካለሁ። ነገር ግን ሥራውን ስናየው መንግሥት ሊሸፍነው የሚገባውን ጉድለት የሚሸፍን ገንዘብ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የኑሮው ጫና በብዙ ቤት ወደ ቁጣ ከመቀየሩ በፊት ወደ ስልክ ጥሪ ተቀየረ፤ ስልኩም የሚጮኸው እኛ ዘንድ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በቀን አንድ ዶላር አዋጡ ስንባልም ነገሩ ያው ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ሰጥቶ ያለ ቪዛ እንድንገባና እንድንሠራ ሲፈቅድ ከመምረጥና ከመመረጥ አገደን። ገንዘብ ግባ፣ ድምፅ ቆይ ነው ነገሩ።

ታዲያ «በዶላራችን እየተነፈሱ» የሚለው ወንድም ትክክል ነው? አይደለም። ዶላር ድምፅ የሚገዛ ከሆነ የሲሊከን ቫሊው ሐበሻ ከጂዳዋ የቤት ሠራተኛ መቶ እጥፍ ድምፅ ሊኖረው ነው፤ ምንም የሚልክለት የሌለው የወሎ ገበሬ ደግሞ ባዶ ሊቀር ነው። ገንዘቡ የወንድምነት ግዴታ ነው። የአክሲዮን ግዢ አይደለም።

ሂርሽማን መጀመሪያ መውጣትና መናገር እንደ ሚዛን ሁለት ጫፍ ናቸው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል ብሎ ነበር። በ1993 ግን የምሥራቅ ጀርመንን ታሪክ ዳግመኛ መርምሮ ሐሳቡን አስተካከለ። እኔ የተማርኩት ድሬስደን ስለሆነ ታሪኩን ከመጽሐፍም ከሰውም ሰምቼዋለሁ። ከ1949 እስከ ነሐሴ 1961 ድረስ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕዝብ ወደ ምዕራብ ወጣ፤ ከዚያ ግንቡ ተሠራ። ግንቡ ከተሠራም በኋላ መንግሥቱ አንድ ቀዳዳ ለራሱ አስቀርቶ ነበር። ከ30 ሺህ በላይ የፖለቲካ እስረኞችን ከምዕራብ ጀርመን ገንዘብ እየተቀበለ ለቀቀ፤ የሚናገሩትን ወደ ውጭ እየላከ ዝምታ ገዛ። መሄጃ የሌላቸው ፖላንዶች በ1980 ሶሊዳሪቲን ሲመሠርቱ ምሥራቅ ጀርመን ጸጥ ያለችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ1989 ግን ነገሩ ተገለበጠ። መስከረም ላይ ሃንጋሪ ድንበሯን ስትከፍት ሕዝቡ በገፍ መውጣት ጀመረ። በጥቅምት መጀመሪያ ከፕራግ ስደተኞችን የጫኑ ባቡሮች በድሬስደን ሲያልፉ ጣቢያው በሰው ተጥለቀለቀ፣ ከፖሊስ ጋርም ግጭት ሆነ። ላይፕዚግ ላይ በየሰኞው በሚደረገው ሰልፍ መጀመሪያ ጎልቶ የተሰማው «መውጣት እንፈልጋለን» የሚል ጩኸት ነበር። ቀስ በቀስ ሌላ ጩኸት ተነሳ፤ «እዚህ እንቀራለን» የሚል። ለመንግሥቱ የኋለኛው ከፊተኛው የበለጠ አስፈሪ ነበር። ጥቅምት 9 ቀን 70 ሺህ ያህል ሰው ወጣ፤ በወሩ ግንቡ ወደቀ። የወጡት ሰዎች መውጣት ለቀሩት አንደበት ሰጣቸው። አደባባይ የቆሙት፣ ጥይት ይተኮስብን ይሆን ብለው ያደሩት፣ መጨረሻውንም የወሰኑት ግን የቀሩት ናቸው።

በእኔ አስተያየት የፍርዱ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የወጣ ሰው መናገር ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። የሚናገረው ነገር የቀሩትን ምርጫ ያሰፋል ወይስ የቀሩትን ቦታ ተክቶ ይመርጣል ተብሎ ነው መጠየቅ ያለበት። እስረኛ ይፈታ፣ ጋዜጣ አይዘጋ፣ ኢንተርኔት አይቆረጥ፣ የሞተ ሰው ስሙ ይጻፍ ብሎ ከፍራንክፈርት የሚጮኽ ሰው ማንንም አይተካም፤ በር ይከፍታል እንጂ። ተኩስ፣ ግፋ፣ አትደራደር፣ ተገንጠል፣ አትገንጠል ብሎ ከፍራንክፈርት የሚያዝ ሰው ግን ዋጋውን ሌላ ሰው የሚከፍለው ውል እየፈረመ ነው። በሥራዬ በሥዕል ላይ የሚፈርም መሐንዲስ ድልድዩ ቢወድቅ ተጠያቂ ነው። ፎቶ አይቶ ስንጥቅ አለ ብሎ የሚጮኽ የሩቅ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ሰው እየተሻገረበት ድልድዩን አፍርሱት ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ግን የለውም።

ይህን የምለው በአየር ላይ አይደለም። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ቅንጅት ፓርላማ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር በውጭ ባሉ አዳራሾችም ተጧጡፎ ነበር። እስር ቤት የገቡት ግን አዳራሽ ውስጥ ያጨበጨቡት አልነበሩም፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የቆጠራቸው 193 ሟቾችም የአዲስ አበባና የሌሎች ከተሞች ልጆች ናቸው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነት ጊዜ በዋሽንግተንና በለንደን አደባባዮች አንዱ ወገን ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው ተሰለፈ። ስለ ረሃብና ስለ ግፍ የመሰከሩ ነበሩ፣ ምስክርነታቸውም ጠቅሟል። ጦርነቱ ይቀጥል ብለው ያዋጡና የፎከሩም ነበሩ፤ በሁሉም ወገን። ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም አንዳንዱ «ተከዳን» ብሎ ያዘነው በስንዴ እጥረት ሌሊቱን ያላደረ ሰው ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ማለት ይኸው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አማራ ክልል የገባበት ጦርነት ላይም ይህንኑ አይቻለሁ።

መልስ የሚሰጡኝ ይኖራሉ። አገር ውስጥ ያለው አፉ ታስሯል፣ እኛ ካልወሰንን ማን ይወስናል ይሉኛል። አፉ መታሰሩ እውነት ነው። አፉ የታሰረ ሰው ግን አፉን ፍቱለት እንጂ በአፉ ተናገሩለት አላለም። ጦርነት አንዳንዴ ግድ ይሆናል የሚሉም አሉ። ግድ ከሆነ ግድ መሆኑን የሚያውቀው ልጁን የሚልከው ነው። እኛ መድኃኒትና ስንዴ፣ ምስክርነትና ጠበቃ ማዋጣት እንችላለን፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሕገ መንግሥታችን ራሱ በዚህ ሚዛን ሲታይ እንግዳ ነገር ነው። አንቀጽ 39 ለብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ የመውጫ በር ሰጥቷል፤ በምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያም በሕዝበ ውሳኔ። ግለሰቡ በአንቀጽ 32፣ ቡድኑ በአንቀጽ 39 መውጣት ይችላል። ሁለት የመውጫ በር ያለው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለመነጋገሪያ የሚሆን ሳሎን ግን ጠባብ ነው። ሂርሽማን ቢያየው መውጣት በወረቀት እየረከሰ መናገር በተግባር የተወደደበት አገር ነው የሚል ይመስለኛል። ስለ አንቀጽ 39 ስንጣላ ሠላሳ ዓመት አለፈን፤ ስለ ሳሎኑ ስፋት የተጣላነው ትንሽ ነው።

ምክክሩ ውስጥ የውጭው ሰው ቦታ ምን ይሁን ለሚለው እንግዲህ የእኔ አቋም ብዙ ወዳጆቼን አያስደስትም። የሌላ አገር ፓስፖርት ወስደን የማልን ሰዎች በሕጉ ዜግነታችንን ለቀናል፤ የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ ይህን በግልጽ ይላል። የምርጫ ድምፅ ይሰጠን ብዬ አልጠይቅም፤ የምንናገርበት አደባባይ ይበቃናል፣ እሱም ሞልቶናል። ዜግነታቸውን ያልለቀቁት ግን ማን ናቸው? በሳውዲ፣ በኤምሬትስ፣ በኩዌት፣ በሊባኖስ ያሉት እህቶቻችን ናቸው። እነዚያ አገሮች ዜግነት አይሰጧቸውምና ዕድሜያቸውን ሙሉ ኢትዮጵያዊ ሆነው ይኖራሉ። ሳውዲ ዓረቢያ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠርዛ ስትመልስ የተመለሱት ወደ አንድ አገር ብቻ ነው፤ ሌላ የላቸውምና። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት ልጅ ከሄደችበትም ቤት መውጣት አትችልም። የሂዩምን መርከብ ሁለት ጊዜ ተጭናለች።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ጠየቀ። ሙሉ ዜጋ የሆነችውን የሪያድ ሠራተኛ ከምርጫው ያወጣት ይህ ነው፤ የከለከላትን ሕግ ስሙን እንኳ ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። አጀንዳ ሰብሳቢዎች ስብሰባ ሲጠሩ ስብሰባው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በትልቅ አዳራሽ ወይም በኮምፒውተር። የዋሽንግተንና የለንደን ሰው ማይክሮፎኑን ይሻማል። እሷ እሑድ ዕረፍት የላትም።